በጽኑ የታመመ ሕፃን ክንዱ ይለካ፣ ሆዱም አይረሳ

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች እንዲሁም ለሆስፒታሎች ሥራ አመራር ቦርዶች

ጉዳዩ፦ በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚተኙ ሕፃናት የምግብ ሁኔታ የሕክምናቸው አካል እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ በብዙ ሆስፒታሎች የሚታይ፣ ግን ማንም እንደ ጥፋት የማይቆጥረው አሠራር ነው። ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ራሱን የሳተ ወይም ተቅማጥ ያደቀቀው ሕፃን ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ኦክስጅን ይደረግለታል፣ ደም ሥር ይፈለግለታል፣ አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል። ይህን ባነሰ ሰውና ባነሰ ዕቃ ለሚያደርጉት ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ካርዱን ገልጦ የሚያይ ሰው ግን ክብደት በሚለው ቦታ ግምት ተሞልቶ፣ ቁመትና የክንድ ዙሪያ በሚለው ደግሞ ምንም ሳይጻፍ ያገኛል። ሕፃኑ ከመታመሙ በፊት ከስቶ ነበር ወይስ ደኅና ነበር? ስንት ቀን ሳይበላ ቆየ? አይታወቅም። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሕፃኑ ቢያርፍ በሞት ምክንያትነት የሚመዘገበው የሳንባ ምች ወይም በደም ውስጥ የተሰራጨ ኢንፌክሽን ነው። ለዚያ በሽታ አሳልፎ የሰጠው መክሳቱ የትም ሳይጻፍ ይቀራል። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በሪፖርታችሁ አይገባም፤ በሪፖርት ያልገባ ነገርም በጀትና ሰው አይመደብለትም።

የምጠይቀው አጭር ነው። በጽኑ የታመመ ሕፃን የምግብ ሁኔታ እንደ ትንፋሹና እንደ ልብ ምቱ ይለካ፤ ምግቡም እንደ መድኃኒቱ በመጠንና በሰዓት ይታዘዝ። ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱ ሕፃናት ወደ ግማሽ ለሚጠጉት ሞት የምግብ እጥረት እጁ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ከተናገረ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ሲባል ሕፃናቱ በረሃብ ብቻ ሞቱ ማለት አይደለም። ብዙዎቹን የወሰዳቸው ሌላው ልጅ ታሞ የሚድንበት የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ወባ ወይም ኩፍኝ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ፣ 7 ከመቶው ደግሞ የከሱ መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚህ የተቆጠሩት በየቤታቸው ነው። የከሳ ልጅ ቶሎ ይታመማል፣ ሲታመምም ይጸናበታል፤ ስለዚህ በሆስፒታል አልጋ ላይ ያለው ድርሻ በመንደር ካለው ቢበልጥ የሚያስገርም አይደለም። በእያንዳንዱ ሆስፒታል ስንት እንደሆነ የሚነግረን ግን ልኬቱ ብቻ ነው።

የከሳ ሕፃን ሰውነት ባለችው ለመሰንበት ሲል ሥራውን ሁሉ ቀንሷል። ጉበቱ ያጠራቀመው ስኳር ስላለቀ ጥቂት ሰዓት ሳይበላ ከቆየ የደሙ ስኳር ያሽቆለቁላል። የሚሞቅበት ስብና ጡንቻ ስለሌለው ሌሊት ይቀዘቅዛል። የመከላከል አቅሙ ስለደከመ ኢንፌክሽን ይዞትም ላያተኩስ ይችላል፤ ባለሙያው ትኩሳት ሲጠብቅ ባክቴሪያው በደሙ ውስጥ ይሰራጫል። የሚተነፍስበት ጡንቻ መንምኗልና የሳንባ ምች ሲይዘው ቶሎ ይዝላል፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከዋለም ከመሣሪያው መላቀቅ ይቸግረዋል። የልቡ ጡንቻ ሳስቷል፣ ኩላሊቱ ትርፍ ጨውና ውኃ ማስወገድ ይከብደዋል፣ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ተመናምኗል። የተለመዱት ምልክቶችም ያሳስታሉ። ድርቀትን ለማወቅ ቆዳ ሲቆነጠጥ ከሥሩ ስብ የሌለው ቆዳ ውኃ ባይጎድለውም ሳይመለስ ይቆያል። እብጠት ያለበት ልጅ ደግሞ ፊቱ ሞላ ብሎ፣ ሚዛን ላይም ደኅና ክብደት አሳይቶ ያልፋል። የሁለቱን እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣት ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ የቀረውን ጉድጓድ የሚያይ ሰው ከሌለ፣ ከሁሉ የባሰው ልጅ ከሁሉ የተሻለ መስሎ ይተኛል።

በዚህ ምክንያት ሌላውን ልጅ የሚያድነው ሕክምና ይህን ልጅ ሊጎዳው ይችላል። በአገራችን ልጅ ሲደክም ቤተሰብ ቀድሞ የሚለው «ግሉኮስ ይተከልለት» ነው። ባለሙያውም በሥራ ብዛት ተወጥሮ ሳለ ፈሳሹን በፍጥነት ሊለቅ ይችላል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,100 በላይ ሕፃናትን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ፊስት የተባለው ጥናት ብዙዎችን ያስደነገጠው በዚህ ነው። ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም የታየባቸው ሕፃናት በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ሲሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10 የሚበልጡት ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት ግን ከመቶ 7 ያህሉ ነበሩ። ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች በጥናቱ አልተካተቱም። የተሻለ ልብ ያላቸውን ልጆች የጎዳ አሠራር ልቡ የሳሳውን ልጅ ምን ሊያደርገው እንደሚችል መገመት አይከብድም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለከሳ ልጅ ሾክ ውስጥ ካልገባ በቀር ፈሳሹ በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ ቀስ ተብሎ፣ ለምሳሌ ሪሶማል በሚባለው ለእርሱ በተዘጋጀው ድብልቅ እንዲተካ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። ሦስት ዓመቱ ነውና 14 ኪሎ ይሆናል ተብሎ የተገመተ ልጅ ሲመዘን 8 ኪሎ ሆኖ ቢገኝ፣ በግምቱ የታዘዘለት መድኃኒት ከሚገባው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ባለሙያው ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያደርገው ልጁ መክሳቱን ሲያውቅ ነው። ሳይለካ በምን ይወቅ?

ክብደት ያለው አንድ ተቃውሞ አውቃለሁ። «የከሳው ልጅ የሚሞተው ስለከሳ ሳይሆን ያከሳው በሽታ ስለጸናበት ነው፤ መክሳቱ ምልክት እንጂ ገዳይ አይደለም» የሚል ነው። በከፊል እውነት አለበት። የልብ ሕመም አብሮት የተወለደ፣ ቲቢ ወይም ኤችአይቪ የያዘው ልጅ መክሳቱና መጽናቱ ከአንድ ምንጭ ሊቀዳ ይችላል። ነገር ግን መክሳቱ ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ አያያዙን ማስተካከል ሞትን ባልቀነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሆስፒታል ገብተው ከሚታከሙ ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ከመቶ 20 እስከ 30 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት አንቲባዮቲክ ሲሻሻል ቁጥሩ ግን ፈቀቅ አላለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለ አሥር ደረጃ የሕክምና መመሪያ በሚገባ ሥራ ላይ በዋለባቸው ቦታዎች ነው ዝቅ ማለት የጀመረው። በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ ሁለት የገጠር ሆስፒታሎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት ለእኛ የሚነግረን ብዙ ነው። በአንደኛው ሆስፒታል ሞት ከ46 ወደ 21 ከመቶ ወረደ። በሌላኛው ከ25 ወደ 18 ከመቶ ወርዶ ነበር፤ በምግብ እጥረት ሕክምና ያልሠለጠኑ ልምድ የሌላቸው ሐኪሞች ሲመደቡ ግን ወደ 38 ከመቶ አሻቀበ። ሆስፒታሉ ያው፣ ድህነቱም ያው ሆኖ የተለወጠው የሚያክመው ሰው እውቀት ነው። ሐኪምና ነርስ በየጊዜው በሚቀያየሩባቸው የእኛ ሆስፒታሎች አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የቀረ ሥልጠና ብዙ እንደማያራምድ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

«መጀመሪያ ነፍሱ ትትረፍ፤ ምግብ ኋላ ይደርሳል» የሚለው ሌላው ተቃውሞ ነው። ለከሳ ሕፃን ምግብ ነፍስ ማትረፊያው ነው። የደሙ ስኳር በዴሲሊትር ከ54 ሚሊግራም በታች ሲወርድ አንጎሉ ሊጎዳ፣ ልጁም ሊንቀጠቀጥና ሊሞት ይችላል፤ ይህም ሊደርስ የሚችለው ሌሊት ላይ፣ ክፍሉ ጸጥ ባለበትና ልጁ የተኛ በመሰለበት ሰዓት ነው። በየሁለት ሰዓቱ በቱቦም ሆነ በስኒ የሚሰጠው ኤፍ 75 የተባለው የሕክምና ወተት ይህን ይከላከላል። እርግጥ ነው፣ በችኮላና በብዛት መመገብም ይገድላል፤ ተርቦ የቆየ ሰውነት በድንገት ምግብ ሲበዛበት በደሙ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል። ኤፍ 75 በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ እንዲይዝ፣ ፕሮቲኑም እንዲያንስ የተደረገው ለዚህ ነው። ስለዚህ እየጠየቅሁ ያለሁት በርካታ ምግብ ሳይሆን የተለካ ምግብ ነው። አንዳንዶች በቤልጂየም፣ በኔዘርላንድስና በካናዳ በ1,440 ጽኑ ሕሙማን ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውን ጥናት ያነሣሉ፤ ምግብን አንድ ሳምንት ማዘግየት እንደሚጠቅም አሳይቷል ይላሉ። ያ ጥናት የመረመረው በደም ሥር የሚሰጥ ምግብን ነው። በሆድ በኩል የሚሰጠውን አላዘገየም። የአውሮፓ የሕፃናት ጽኑ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ምክር የሚከለክል ምክንያት ከሌለ በሆድ በኩል መመገብ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ነው። በስምንት አገሮች 500 ሕፃናትን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ደግሞ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ ልጆች ከታዘዘላቸው የምግብ ኃይል 38 ከመቶውን ብቻ ያገኙ እንደነበር፣ በሆድ በኩል ይበልጥ ያገኙት ደግሞ ያነሰ እንደሞቱ አሳይቷል። በቂ ነርስ ባለባቸው ክፍሎች እንዲህ ከሆነ በእኛ ዘንድ «በአፍ ምንም አይሰጠው» የሚል ትእዛዝ ሰኞ ተጽፎ ሐሙስ ድረስ ሳይነሣ መቆየቱ ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም።

አገራችን በዚህ መስክ የምትኮራበት ሥራ እንዳላት አልዘነጋም። የምግብ ፍላጎቱ ያለና ሌላ ሕመም ያልተደራረበበት የከሳ ልጅ በጤና ኬላ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጅ ፕላምፒ ነት የተባለው የሕክምና ምግብ እየተሰጠው እንዲያገግም ማድረግ በብዙ አገሮች ያልተቻለ ነው። ሕመም የተደራረበበት ደግሞ ወደ ማረጋጊያ ክፍል ይላካል። የእኔ ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የምግብ እጥረት ሕክምና በማረጋጊያ ክፍሉ በር ላይ ያልቃል። «የምግብ እጥረት» ተብሎ የገባው ልጅ ይለካል፣ ወተቱ ይታዘዝለታል፤ ልክ እንደ እርሱ የከሳው፣ ግን «ማጅራት ገትር» ወይም «የሳንባ ምች» ተብሎ የገባው ልጅ አጠገቡ ባለው ክፍል ሳይለካ ይተኛል። የኤፍ 75 ጣሳው በማረጋጊያ ክፍሉ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ነርስ እናቲቱን ወተት ገዝታ እንድታመጣ ይልካታል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ በመካከል የሚቀረው ልጅ ነው። የክንድ ዙሪያው 11.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ከባድ ከሚባለው የ11.5 መስመር በታች ስላልወረደ በክንዱ ልኬት ብቻ በከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና መርሐ ግብሩ አይገባም፤ የሳንባ ምቹ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። መርሐ ግብሩ በተለይ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉት ስለተቀረጸ የሰባት ዓመቱ የካንሰር ታማሚና መዋጥ የሚያቅተው የነርቭ ጉዳት ያለበት ልጅ ቆዳና አጥንት ሆነውም አይቆጠሩም።

ገንዘብ የለም እንዳይባል የክንድ መለኪያው ጥብጣብ ነው፤ በየጤና ኬላው ያለ፣ ዋጋውም ለሆስፒታል በጀት ምንም የማይባል። የድንገተኛ ትራያጅ ሥልጠናችንም ቢሆን መክሳትንና የሁለት እግር እብጠትን ከቅድሚያ ምልክቶች ቆጥሮ ያስተምራል፤ አዲስ ሳይንስ አያስፈልገንም። የሚከብደው ሌሊቱን ሙሉ መመገቡ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ሲሆን በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ነው፤ አሥር ጽኑ ሕሙማን የያዘች አንዲት ነርስ ብቻዋን ልትወጣው አትችልም። እዚህ ላይ እናቲቱ አለች። ቱቦው በቦታው መሆኑን ነርሷ አረጋግጣ፣ መጠኑን ለክታ ከሰጠቻት፣ ሌሊቱን ነቅታ የምታደርሰው እናት ናት። ነገር ግን በብዙ ሆስፒታል ምግብ የሚቀርበው ለታማሚው እንጂ ለአስታማሚው አይደለም። ከገጠር የመጣች፣ ጡት የምታጠባ፣ የያዘችው ገንዘብ ለመድኃኒት ያለቀባት እናት ራሷ ጾሟን ውላ እያደረች ልጇን በየሁለት ሰዓቱ እንድትመግብ መጠበቅ ግፍ ነው። ለእርስዋ የሚቀርብ ሳህን ምግብ የሕፃኑ ሕክምና ወጪ ተደርጎ ሊታሰብ ይገባል። አቅርቦቱም ከለጋሽ እጅ ብቻ መጠበቁ ይብቃ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ አቅርቦት ምን ያህል እንደሚያሰጋ አይተናል። ኤፍ 75፣ ሪሶማልና ለሕፃናት የሚሆን የአፍንጫ ቱቦ ሆስፒታሎች በራሳቸው በጀት እንደ አንቲባዮቲክ የሚያዝዙት ዕቃ ይሁን፤ ጣሳው ባለቀበት ቀንም ከዱቄት ወተት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከማዕድን ድብልቅ የሚዘጋጅበትን አሠራር ማእድ ቤቱ ይወቅ።

ልጁ ድኖ ቢወጣስ? ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ማላዊን፣ ቡርኪና ፋሶን፣ ባንግላዴሽንና ፓኪስታንን ያካተተው ቼይን የተባለው ጥናት ታመው ሆስፒታል የገቡ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ 3,101 ሕፃናትን ከወጡ በኋላም ለስድስት ወር ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት መሠረት ከሞቱት 350 ሕፃናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት የሞቱት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው። እኛ «ተሽሎት ወጣ» ብለን የምንመዘግበው ልጅ እንዲህ ነው የሚጠፋብን። የመውጫ ወረቀቱ የሚቀጥለውን ቀጠሮና የቀረውን ሽሮፕ ይነግራል፤ ልጁ ሲገባ ስንት ኪሎ እንደነበረ፣ ሲወጣ ስንት እንደሆነ፣ ከየትኛው ጤና ኬላ ምን እንደሚወስድ ግን ብዙ ጊዜ አይነግርም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል መመለሱን የምትሰማው ከጎረቤት ነው፣ ከሰማችም።

እንግዲህ ክቡራንና ክቡራት፣ ሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት እንዲፈጸም በአክብሮት የምጠይቀው ይህ ነው። በጽኑ ታሞ የገባ ሕፃን ሁሉ፣ ምን ተብሎም ቢገባ፣ ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የክንዱ ዙሪያና የእግሩ እብጠት በመጀመሪያው ቀን ተለክቶ የልብ ምቱ በተጻፈበት ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ከአልጋ መነሣት የማይችለውም ክንዱን መለካት አያቅትምና እርሱ አይቅር። የምግብ ትእዛዙ በየዕለቱ ጉብኝት ይታይ፤ «በአፍ ምንም አይሰጠው» የተባለ ሁሉ ምክንያቱና የሚነሣበት ሰዓት ይጻፍበት። ኤፍ 75 ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገኝ፤ አዲስ የሚመደብ ሐኪምና ነርስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሠልጥን። የሚወጣ ልጅ ወረቀቱ ወደ ጤና ኬላው ይድረስ፣ ለስድስት ወርም ይታይ። ከዚህ ሁሉ ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው የሞት ግምገማውን ነው፦ በየሆስፒታሉ የሚሞት እያንዳንዱ ሕፃን ሲገመገም የምግብ ሁኔታውና ያገኘው ምግብ መጠን ይጠየቅ፤ ድምሩም በየሩብ ዓመቱ ከእናንተ ዘንድ ይድረስ። ይህ ጥያቄ እንደሚጠየቅ ያወቀ ክፍል ልኬቱን ራሱ ይጀምረዋል።

ከእነዚህ መካከል አሁን ሊፈጸም የሚችለውን፣ ጊዜ የሚፈልገውንና የማትስማሙበትን ለይታችሁ በይፋ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ። የማትስማሙበት ካለ ምክንያቱን ለመስማትና በማስረጃ ለመወያየት ዝግጁ ነኝ። መልሳችሁን በአክብሮት እጠባበቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር